«ኮተን» ከኩታ አልወጣም፣ ጥጥም «ከጠጣ» አልመጣም

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ጎንደር አራዳ አካባቢ የሸማ ሱቅ አለኝ። ጋቢና ኩታ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ካርድ 300 ፍሬ ላሳትም ነው። አንድ አስጎብኚ ‹ኮተን የሚለው የፈረንጅ ቃል ከእኛው ኩታ የወጣ ነው› አለኝ። ሌላው ደግሞ ጥጥ የተባለው ውሃ ስለሚጠጣ ነው ይላል። ጎረቤቴ ያሉ ቄስ ‹ሁሉም ልክ አይደለም፣ ግእዙ ክታን ነው› አሉ። የትኛውን ልጻፍ?»

ሦስቱንም አይጻፉ። የመጀመሪያው በተነባቢዎቹ ይወድቃል፣ ሁለተኛው በዘመን ይወድቃል፣ ሦስተኛው ደግሞ ትክክለኛ የግእዝ ቃል ይዞ የሌላ ተክል ስም ያደርገዋል። ካርዱ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ግን አለ፤ ከሦስቱም የተሻለ ነው።

ከኩታ እንጀምር። የእንግሊዝኛው «ኮተን» መንገድ በደንብ የታወቀ ነው። መነሻው የዐረብኛው «ቁጥን» ነው። ዐረቦች ስፔንንና ሲሲሊን በያዙበት ዘመን ተክሉም ጨርቁም ስሙም አብሮ ተሻገረ። ስፔኖች መስተአምሩን «አል» ሳይነቅሉ «አልጎዶን» አሉት፤ ጣልያኖች «ኮቶኔ»፣ ፈረንሳዮች «ኮቶን» አሉት። ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ሐበሻ የለበትም።

ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ? ከፊደል ነው። የላቲን ፊደል ቀን ከከ፣ ጠን ከተ መለየት አይችልም፤ አውሮፓውያን የዐረቡን ቀ እና ጠ ሲቀበሉ በአፋቸውም በጽሑፋቸውም አለሰለሱት። እኛ ደግሞ ቃሉን ከእንግሊዝኛ መልሰን ስንጽፈው «ኮተን» ሆነ፤ ከዚያ «ኩታ» አጠገብ ሲቀመጥ ወንድሙ መሰለ። በራሳችን ፊደል ዐረብኛውን ሲጽፉት ነገሩ ወዲያው ይጠራል፦ ቁጥን ቀ-ጠ-ነ ነው፣ ኩታ ከ-ተ ነው። ከሦስቱ ተነባቢዎች አንድም አይገጥምም፤ ነ ደግሞ ጭራሽ የለም። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ጉዳይ ከአውሮፓዊው የተሻለ ጆሮ አለው፣ ስለዚህ ስሕተቱን ከአውሮፓዊው ፊደል መበደር አያስፈልገውም። በዚያ ላይ ኩታ የልብስ ስም እንጂ የጥጥ ስም አይደለም፤ ሁለት ፎቅ ሆኖ የሚደረብ ሸማ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ቁጥንን በግእዝ ፊደል የጻፈ ሰው ወዲያው «ቀጠነ!» ማለቱ አይቀርም፤ ቀጭን ፈትል፣ ቀጭን ክር። ተነባቢዎቹ በእርግጥ ይገጥማሉ። ነገር ግን በዐረብኛ ውስጥ «ቀጠነ» የሚለው ግሥ መኖር፣ መስፈር ማለት ነው፤ ቅጥነት የለበትም። ተነባቢ ገጥሞ ትርጉም ካልገጠመ ግማሽ ማስረጃ ነው፤ በግማሽ ማስረጃ 300 ካርድ አይታተምም።

ቄሱ ያሉት ክታን የከበደ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ቃሉ እውነተኛ ነው። ክታን በግእዝ ከተልባ እግር የሚሠራ ጨርቅ ነው። ዐረብኛው «ከታን» ይለዋል፤ የዕብራይስጡ የቀሚስ ስም «ኩቶኔት»ና የግሪኩ «ኪቶን»ም ከዚሁ ከ-ተ-ነ ወገን ናቸው። ዐረብኛ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ይዟል፦ ቁጥን ለጥጥ፣ ከታን ለተልባ። አንድ ቋንቋ ሁለት ነገር በሁለት ስም እየለየ ሲጠራ ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም። እርግጥ ስሞች ከጨርቅ ወደ ጨርቅ ይሸጋገራሉ፤ ዛሬ በእስራኤል የሚነገረው ዕብራይስጥ ጥጥን «ኩትና» የሚለው ከዚሁ ከቀሚሱ ወገን ወስዶ ነው። የእኛም አማርኛ ተመሳሳይ ነገር ሠርቷል። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጥሩ የተልባ እግር ጨርቅ «በፍታ» ሲባል እናነባለን፤ በፍታ ግን የፋርስ ቃል ነው፣ «የተሸመነ» ማለት ነው፣ ከሕንድ በየወደቡ ይላክ የነበረ የጥጥ ጨርቅ ስም ሆኖ የተስፋፋ ነው። የተልባውን ጨርቅ በጥጥ ጨርቅ ስም እየጠራን ስናነብ ኖረናል ማለት ነው። ስለዚህ ቄሱ ክታን ማለታቸው አያስገርምም፤ ካርድ ላይ ግን የተልባን ስም ጥጥ ላይ መለጠፍ ነው።

«ከጠጣ መጣ» የሚለው ለጆሮ ደስ ይላል፣ ጥጥም በእርግጥ ውሃ ይጠጣል። የሚወድቀው በዘመን ነው። በግእዝ መጠጣት «ሰትየ» ነው፤ «ጠጣ» የአማርኛ መልክ ነው። የጥጥ ስም ደግሞ አማርኛ ከመጻፉ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በግእዝ «ጡጥ» ሆኖ ይገኛል። ልጅ አባቱን አይወልድም።

አሁን ወደ ጡጥ። ግእዙ ጡጥ፣ ትግርኛው ጡጥ፣ አማርኛው ጥጥ ነው፤ በአማርኛ ካዕቡ ወደ ሳድስ ከመውረዱ በቀር ቃሉ አልተነካም። በድንጋይ ላይ ያለው ምስክር የንጉሥ ዒዛና ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖባና በካሱ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግእዝ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ሠራዊቱ ካጠፋው ንብረት መካከል የእህልና የጥጥ ማከማቻዎች ይጠቀሳሉ። ካሱ የመርዌ (በዛሬዋ ሱዳን የነበረ ጥንታዊ መንግሥት) አገር ነው፣ ዓባይ ከአትባራ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ። የአትባራ ውሃ ደግሞ የሚነሣው ከዚሁ ከጎንደር ምዕራብ ነው፤ በመተማ በኩል የሚወርደው ጓንግ እሱ ነው። ዛሬ ጥጥ ከሚዘራበት ከመተማ ቆላ ወንዙን ተከትለው ቢወርዱ ዒዛና የጥጥ ጎተራ ያገኘበት አገር ይደርሳሉ። ለጎንደር ሱቅ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አይገኝም፤ ፈጠራም የለበትም።

ተክሉ ግን ያው አይደለም፤ ይህንን ማወቅ ጠቃሚ ነው። ሰው ያለመዳቸው የጥጥ ዝርያዎች አራት ናቸው። ሁለቱ የእስያና የአፍሪካ ናቸው፣ 26 ክሮሞዞም ያላቸው፣ ጭረታቸው (ፍሬው ላይ የሚበቅለው ስስ ክር) አጭር። ሁለቱ የአሜሪካ ናቸው፣ 52 ክሮሞዞም ያላቸው፣ ጭረታቸው ረዘም ያለ። ዒዛና ያየው ከመጀመሪያዎቹ ወገን መሆን አለበት፣ የአሜሪካው ባሕር የተሻገረው ከ1,000 ዓመት በላይ ዘግይቶ ስለሆነ። አሁን በቆላው እርሻ የሚዘራው በአብዛኛው የአሜሪካው ነው። ተክሉ ተለወጠ፣ ስሙ ቀረ። «ይህ ጋቢ ከዒዛና ዘመን ጥጥ የተሠራ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካማረዎት ይተዉት፤ ጥንታዊው ስሙ ነው።

ጡጥ ራሱ ከቁጥን የተቆረጠ ነው የሚሉም አሉ። ቀውም ነውም ጠፍቶ ጠ ብቻ ይቀራል፤ በአንድ ተነባቢ ዝምድና አይቆጠርም። ጎረቤት ቋንቋዎችም አንድ ምንጭ እንደሌላቸው ያሳያሉ፦ ኦሮምኛው «ጅርቢ» ይላል፣ ሶማሊኛው «ዑድቢ» ይላል፣ እሱም በየመን ጥጥ ከሚጠራበት «ዑጥብ» ጋር ይሄዳል። ራቅ ሲሉ ደግሞ ፋርሱ «ፐምቤ»፣ ቱርኩ «ፓሙክ»፣ ግሪኩ «ባምባኪ» አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጀርመኑ ስም ሳይበደር «የዛፍ ሱፍ» ብሎታል። የሕንዱ «ካርፓሳ» በመጽሐፈ አስቴር 1፥6 «ከርፓስ» ሆኖ የንጉሡ መጋረጃ ላይ ይገኛል፤ ቃሉ በዕብራይስጥ የአረንጓዴ ቅጠልም ስም ስለሆነ የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም «አረንጓዴ» አድርጎት አለፈ። ጥጥ ጠፍቶ ቀለም ቀረ።

ከጡጥ ወዲያ ያለው ገደብ ይህ ነው፦ ቃሉ በግእዝ ግሥ የለውም። ጠ ከጠ ጋር ተደጋግሞ የቆመ ስም እንጂ ከሥር የተመዘዘ አይደለም። «ትርጉሙ ነጭ ማለት ነው»፣ «ለስላሳ ማለት ነው» የሚልዎት ሰው ከራሱ ነው የሚናገረው። ጥጥ ማለት ጥጥ ማለት ነው።

ዘመድ ያላቸው ግሦቹ ናቸው፤ አስጎብኚዎቹም መፈለግ የነበረባቸው እዚያ ነው። «ፈተለ»ን ይውሰዱ። በግእዝ ፈተለ፣ በዐረብኛ ፈተለ ማጠንጠን፣ መግመድ ነው፤ የዕብራይስጡ «ፓቲል» ክር ነው። ሦስቱም ተነባቢዎች ይገጥማሉ፣ ትርጉሙም ይገጥማል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሴም ሕዝቦች ጥጥ ከማየታቸው በፊት ሱፍና ተልባ ይፈትሉ ነበር። የእጁ ሥራ የቆየ ነው፣ ጥጡ ኋላ መጥቶ ስሙን ይዞ ገባ። ሁለተኛው «ነደፈ» ነው። ባለ ደጋን ጥጥ ሲነድፍ አይተው ከሆነ ግሡ ለምን ከንብ መንደፍ ጋር አንድ እንደሆነ ይገባዎታል፦ የደጋኑ ጅማት ጥጡ መሐል ይገባና ሲመታ እየተንዘረዘረ ይነካል፣ ጥጡም እየዘለለ ይፈታል። ዐረቡም በደጋን የሚሠራውን ይህንኑ ሥራ «ነደፈ» ይለዋል፣ ሠራተኛውንም «ነዳፍ»። ከውጭ አገር ጋር የሚያገናኝ ቃል ካርዱ ላይ ካስፈለገዎት ኮተንን ትተው ይህንን ይጻፉ።

ቀጥሎ የትርጉም ጉዳይ፣ ይህ ከሥርወ ቃሉ ይልቅ ሱቅዎን ይነካል። በአማርኛ «ጥጥ» ብቻውን ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ተክሉም ጥጥ ነው፣ ከነፍሬው የተለቀመውም ጥጥ ነው፣ ፍሬው የወጣለትም ጥጥ ነው። ቅዳሜ ገበያ «አንድ ኪሎ ጥጥ» ሲባል የትኛው እንደሆነ ካልተጠየቀ ክርክር ይነሣል፤ ከነፍሬው ከተመዘነ 3 ኪሎ ሲዳመጥ የሚቀረው 1 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሌላው ፍሬ ነው። ሙያው ግን ለየደረጃው ስም አለው። ፍሬውን ማውጣት መዳመጥ ነው። እፍኝ የማይሞላ ጥጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረጋል፣ ክብ ብረት እላዩ ላይ በመዳፍ ወደ ፊት ይንከባለላል፤ ጭረቱ በብረቱ ሥር ያልፋል፣ ፍሬው እየተስፈነጠረ ይወጣል። ብረቱ ከወፈረ ወይም በኃይል ከተጫኑት ፍሬው ይፈጫል፤ ስባሪውና ዘይቱ ከጥጡ ጋር ይሄዳል፣ ያ ነው በኋላ ሸማው ላይ ቢጫ ነቁጥ ሆኖ የሚታየው። ያልደረቀ ጥጥ ፍሬውን አይለቅም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይ ይመታዋል። ከዚያ ተነድፎ የተነፋፋው ባዘቶ ይባላል፤ ባዘቶው ለፈታይ እጅ እንዲመች ሲጠቀለል አመልማሎ ነው። ከአመልማሎ በእንዝርት ተመዞ እየጠነጠነ የሚወጣው ፈትል ነው፣ ተጠቅልሎ ሲሞላ ልቃቂት ነው። ሸማኔው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ቁመቱን የያዘው ድር፣ በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ የሚገባው ማግ ይባላል። ጎብኚ ከሥርወ ቃል ክርክር ይልቅ ይህንን ሲያነብ ጋቢውን እንደገና ይዳስሳል።

እንግሊዝኛው ቃል ላይም አይመኩ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ «የማንቸስተር ኮተን» እየተባለ ይሸጥ የነበረው ጨርቅ ሱፍ ነበር፤ ጸጉሩ ተነስቶ ጥጥ ስለመሰለ ስሙን ሳይወስድ አልቀረም። ዛሬም በገበያው «ጥጥ ነው» የሚባል ክር ሁሉ ጥጥ አይደለም። ካርድዎ ላይ «መቶ በመቶ ጥጥ» ብለው ከማተምዎ በፊት ከድሩም ከማጉም ከጥለቱም ለየብቻ ክር መዘው ይሞክሩ። በመቆንጠጫ ይዘው በብረት ሳህን ላይ ያቀጣጥሉት፤ በጣት አይያዙ፣ የሚቀልጥ ክር ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ቶሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተርና መሰሎቹ ይኮማተራሉ፣ ቀልጠው ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይተዋሉ። አመዱም ጠብታውም አብረው ከተገኙ ቅልቅል ነው።

ይህ ሙከራ የማይለየው አንድ ነገር አለ፦ ሬዮን። ሬዮንም እንደ ጥጥ ከዕፅዋት የተገኘ ስለሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል። እሱን በውሃ ይለዩታል። ክሩን በደንብ አርጥበው ይሳቡት፤ ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል፣ ሬዮን ሲረጥብ ይልማል፣ በቀላሉም ይበጠሳል። የሚያብረቀርቅ የጥለት ክር ላይ ይህንን ሳያደርጉ «ጥጥ» አይበሉ።

ሌላው የተለመደ ስሕተት «በእጅ የተፈተለ» የሚለው ነው። አብዛኛው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው፤ ድር ሲወጠር እኩል ጥንካሬ ይፈልጋል፣ የእጅ ፈትል ደግሞ ወፈር ቀጠን ይላል። ይህ ነውር የለበትም፣ መደበቅ ነው ነውሩ። ለይተው ይጻፉት። ክሮቹን በጥፍር ከፈት አድርገው ቢያዩ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፦ የፋብሪካው ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ነው፣ የእጁ እዚህም እዚያም እብጥ ይላል።

ስለዚህ በአማርኛው ገጽ ላይ እንዲህ ያትሙ፦

«ጥጥ፣ በግእዝ ጡጥ። ስሙ ከ1,600 ዓመት በላይ በሆነው የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ይገኛል። የዚህ ጋቢ ማግ በእንዝርት በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፤ ድሩ የፋብሪካ የጥጥ ክር ነው። የተሸመነው በእጅ፣ ጎንደር ውስጥ ነው።»

ቦታ ከተረፈ ባዘቶ፣ አመልማሎ፣ ልቃቂት የሚሉትን ሦስት ቃላት ከአንድ አንድ መስመር ፍቺ ጋር ይጨምሩ። የድሩን ዓረፍተ ነገር ለእያንዳንዱ ዓይነት ሸማ ሞክረው ይለውጡት፤ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ካርድ አይንጠልጠል፣ ስለዚህ 300ውን በአንድ ጊዜ ከማተም በዓይነት ከፍሎ ማተም ይሻላል። ሲጻፍ «ጡጥ» በስሕተት «ቱት» ሊሆን ስለሚችል ማተሚያ ቤት የመጨረሻውን ናሙና ሲያሳይዎ ጠውን በዓይንዎ ይዩ። ለእንግሊዝኛው ገጽ ተርጓሚ ከቀጠሩ ደግሞ «ኩታ» እና «ኮተን» በአንድ መስመር እንዳይውሉ ይንገሩት፤ ጎን ለጎን ከቆሙ ያ አስጎብኚ ነገ መጥቶ ካርዱን እንደ ማስረጃ ያሳይብዎታል።